የምግብ ቧንቧና የኩላሊት ብግነት፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሪፈራል ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ላይ፣ በፒያሳ ፋርማሲዎች ደጃፍና ቤት ውስጥ ቡና ላይ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከበደው እንሄዳለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምግብ ቧንቧ ብግነት ምንድን ነው? ከጨጓራ ጋር አንድ አይደለም እንዴ?

አይደለም። የምግብ ቧንቧ ከጉሮሮ ተነስቶ በደረት መሀል ወርዶ ጨጓራ ላይ የሚደርስ ቱቦ ነው። አዋቂ ሰው ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የውስጥ ሽፋኑ ሲቆጣና ሲቆስል ብግነት ይባላል፤ ሐኪሞች ኢሶፋጃይተስ ይሉታል። እኛ ሰፈር ግን ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ "ጨጓራዬ ተነሳብኝ" ነው።

መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። በብዛት የሚታየው የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ የሚያቃጥለው ነው፤ ቃር የምንለው። አለርጂ መሰል ብግነት አለ። ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ አለ፤ ይኼ የሰውነት መከላከያቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ይበዛል። ክኒን ተጣብቆ የሚያቆስልበት ጊዜም አለ። በረኪና ተጠጥቶ የሚመጣው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ሕክምናቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ ፋርማሲ ገብቶ "ለጨጓራ የሚሆን ነገር ስጠኝ" ማለት ብዙ ጊዜ ነገሩን ያድበሰብሰዋል እንጂ አይፈታውም።

ወገቤን ያመኛል። ኩላሊቴ ተቆጥቶ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ጎንበስ ብሎ ሲሠራ የዋለ ወይም ጆንያ የተሸከመ ሰው ወገቡን ቢያመው ጡንቻው ወይም አከርካሪው ነው። የኩላሊት ጠጠር ከሆነ ሕመሙ በአንድ ጎን እየመጣ እየሄደ ወደ ብሽሽት ይወርዳል። ኢንፌክሽን ከሆነ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አብሮ ይመጣል።

እዚህ የምናወራው ብግነት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ጥቃቅን የደም ማጣሪያዎች አሉ። እነዚህ ሲቆጡ ፕሮቲንና ደም ወደ ሽንት ያፈሳሉ። ምልክቱ ቶሎ የማይጠፋ የሽንት አረፋ፣ የጠቆረ ወይም የቀላ ሽንት፣ ጠዋት የዓይን ዙሪያ እብጠት፣ የእግር እብጠት፣ የደም ግፊት መጨመር ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ምንም ምልክት አይታይም።

ሁለቱን በሽታዎች ምን አገናኛቸው?

አንደኛ፣ በሁለቱም ቦታ ጉዳቱን የሚያደርሰው የራስ የሰውነት መከላከያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ለአንዱ ተብሎ የሚወሰድ መድኃኒት ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ኦሜፕራዞል ለቃር ይዋጣል፤ አልፎ አልፎ ግን ኩላሊት ያስቆጣል። የህመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ሁለቱንም አይምርም።

ሦስተኛው ተመራማሪዎችን የሚማርከው ነው። ቡዴሶናይድ የሚባል ለአስም ሲሳብ የኖረ አሮጌ መድኃኒት አለ። ዛሬ ለምግብ ቧንቧም ለኩላሊትም ይሰጣል። የተለወጠው መድኃኒቱ ሳይሆን የሚፈታበት ቦታ ነው። ዝርዝሩ ከታች አለ።

በርበሬ፣ ቡናና አረቄ ናቸው ያመጡብኝ?

ቃር ያለበትን ሰው ሊያባብሱበት ይችላሉ፤ ሰው በሰው ይለያያል። አንዱ ቀይ ወጥ በልቶ ሰላም ያድራል፣ ሌላው በአንድ ሲኒ ቡና ይቃጠላል። አለርጂ መሰሉን ብግነት ወይም የኩላሊት ብግነትን በርበሬ አያመጣም። ለኩላሊት በርበሬው ሳይሆን አብሮት የሚገባው ጨው ነው የሚያሳስበው።

ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ሰዓቱ ብዙ ይጎዳል። ማታ ጠግቦ በልቶ ወዲያው መተኛት አሲዱን ወደ ላይ ይጋብዛል። ከእራት እስከ እንቅልፍ የሁለት ሦስት ሰዓት ክፍተት ይኑር፤ የአልጋውም ራስጌ ከፍ ይበል።

ሌላው ሙቀቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥን የምግብ ቧንቧ ካንሰር "ሳያመጣ አይቀርም" ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። ቡና ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ጎንደር ላይ ቆሜ እንዲህ ብል ማን ይሰማኛል? በረድ ይበልልዎ ነው የምለው።

ዶክሲሳይክሊን ውጬ ተኛሁ፤ በነጋታው ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ምን ሆንኩ?

ክኒኑ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ አቁስሎዎት ይሆናል። ለተስቦና ለግርሻ የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን በዚህ የታወቀ ነው። በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጥ አድርጎ ወዲያው ጋደም ማለት ነው ችግሩ። ክኒኑ መንገድ ላይ ይቀርና ይሟሟል። የህመም ማስታገሻዎች፣ የአይረንና የፖታሲየም ክኒኖችም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ብዙውን ጊዜ ክኒኑ ሲቆም በቀናት ውስጥ ይሽራል። ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ ያዘዘልዎ ሐኪም ይቀይርልዎ። ለወደፊቱ ክኒን በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥ፣ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ወይም ቆም ይበሉ።

ቃር የለኝም፤ ሥጋ ስበላ ግን ደረቴ ላይ ይቀራል። ውኃ ካልጠጣሁበት አይወርድም።

ይህ መመርመር ያለበት ነገር ነው። ከሚጠረጠሩት አንዱ ከላይ አለርጂ መሰል ያልነው ብግነት፣ በሐኪሞች ስሙ ኢዮሲኖፊሊክ ኢሶፋጃይተስ ነው። ኢዮሲኖፊል የነጭ ደም ሕዋስ ነው፤ በጤናማ የምግብ ቧንቧ ሽፋን ውስጥ አይገኝም። እዚያ ሲሰፍር ቧንቧው እየጠጠረና እየጠበበ ይሄዳል። በሽታው ራሱን ችሎ የታወቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ ይበዛል። አስም፣ የአፍንጫ አለርጂ ወይም የቆዳ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ላይም ይበረክታል።

የሚገርመው ሰው የሚለምደው መሆኑ ነው። ማኘክ ያበዛል። ጥብስ ሲቀርብ ወጡን ይመርጣል። ከማዕድ ሁሉ ኋላ ይነሳል። ቤተሰቡም "እሱ እኮ አበላሉ ቀስ ያለ ነው" ይላል። ልጆች ላይ ደግሞ ማስመለስና ምግብ እምቢ ማለት ሆኖ ይመጣል።

ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሰዎች ላይ መዋጥ እያስቸገረ ክብደት የሚቀንስ ከሆነ ካንሰርም ስለሚጠረጠር ቀጠሮ አይራዘም።

ምግብ ጭራሽ ተቀርቅሮ ቢቀርስ?

ምራቅ እንኳ አልወርድ ካለ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት። እንጀራ ጠቅልሎ "ይግፋልህ" ብሎ መጨመር ነገር ማባባስ ነው። ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል።

ኢንዶስኮፒ ያማል? ለምንስ ናሙና ይወሰዳል?

ደስ አይልም፤ ግን አጭር ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሳይበሉ ይሄዳሉ። ጉሮሮዎን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይረጭልዎታል። ጣት የምታህል ጫፏ ላይ ካሜራ ያላት ቱቦ ትገባለች። ያቅለሸልሻል፣ እንባ ያመጣል። በአፍንጫ ረጋ ብሎ መተንፈስ ይረዳል። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

ናሙናው ሲወሰድ አይሰማም። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ አለርጂ መሰሉ ብግነት ላይ ቧንቧው በዓይን ሲታይ ጤናማ ሊመስል ይችላል። ለምርመራው ቢያንስ ስድስት ናሙና ከላይም ከታችም ይወሰዳል። በማይክሮስኮፕ በአንድ ዕይታ 15ና ከዚያ በላይ ኢዮሲኖፊል ከተቆጠረና ሌላ ምክንያት ካልተገኘ በሽታው አለ ይባላል። እዚህ አገር ብዙ የማይመዘገበው በሽታው ስለሌለ ነው ብዬ አላምንም። ናሙና ካልተወሰደ ማን ያየዋል? ስለዚህ የመዋጥ ችግር ካለብዎ ከመግባትዎ በፊት "ዶክተር፣ ናሙና ይወሰድልኛል?" ብለው መጠየቅ ነውር የለውም።

የደም ምርመራዬ "ኢዮሲኖፊል ከፍ ብሏል" ይላል። በሽታው አለብኝ ማለት ነው?

አይደለም። እኛ አካባቢ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአንጀት ትል ነው። መንጠቆ ትል፣ ስትሮንጂሎይድስ፣ ከጣና ዙሪያ ውኃ የሚገኘው ቢልሃርዚያ ሁሉም የደም ኢዮሲኖፊል ከፍ ያደርጋሉ። አስምና አለርጂም እንዲሁ። የምግብ ቧንቧው በሽታ ደግሞ በደም ላይ ምንም ሳያሳይ ሊኖር ይችላል። ቆጠራው የሚሠራው ከቧንቧው በተወሰደ ናሙና ላይ ነው። በዚያ መካከል ሰገራ መመርመር አይከፋም።

ጾም ሲገባ ይሻለኛል፤ ፋሲካ ሲፈታ ይነሳብኛል። ምክንያት አለው?

ይህን ለሐኪምዎ ሳይነግሩ እንዳይቀሩ። አለርጂ መሰሉ ብግነት ላይ ዋነኛው ቆስቋሽ ወተት ነው። ስንዴ፣ እንቁላልና አኩሪ አተር ይከተላሉ፤ ለውዝ ነክና ዓሣም አሉበት። በውጭ አገር ታማሚ ስድስቱንም ተው ሲባል ያለቅሳል። እኛ ዘንድ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል በዓቢይ ጾም ለ55 ቀን ከገበታ ይወጣሉ። ሐኪሞች በአመጋገብ ሙከራ ውጤት ለማየት የሚጠብቁትም ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ነው። ከጾሙ ርዝመት ጋር መገጣጠሙ ለእኛ ሰው ዕድል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 129 አዋቂዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ወተት ብቻ፣ ግማሾቹን ስድስቱንም ምግቦች አስተዋቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ብግነቱ የረገበላቸው 34 እና 40 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ አሁን ብዙ ሐኪሞች ከወተት ብቻ ይጀምራሉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። መሻል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቧንቧው መዳኑ የሚታወቀው ዳግም ናሙና ተወስዶ ነው። ደግሞም በጾም ወራት ዳቦ፣ ኦቾሎኒና ዓሣ የሚያበዛ ሰው አንዱን ቆስቋሽ አውጥቶ ሌላውን እያስገባ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ስንዴ የለበትም፤ ከገበያ የሚገዛው ዱቄት ግን ምን እንደተቀየጠበት መጠየቅ ነው።

ልጄ ጠዋት ፊቱ አብጦ ተነሳ። ሽንቱ ኮካ ይመስላል።

ዛሬውኑ ያሳዩት። ባለፉት ሳምንታት ጉሮሮውን አሞት ወይም ቆዳው ላይ የሚያፈስ ቁስል ወጥቶበት ነበር? ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ራሱ ከሄደ በኋላ የሰውነት መከላከያው ኩላሊት ላይ ብግነት ያስነሳል። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ ከቆዳ ቁስል በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ይመጣል። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ላይ ይበዛል።

አብዛኞቹ ልጆች ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። አደገኛው የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ውኃ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ሽንቱ ከጠራ በኋላም በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ደም ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥ።

እንጥሉን ብናስቆርጠው አይሻልም?

አይሻልም። ጉሮሮን የሚያሳምመው ባክቴሪያ እንጥል ላይ አልተተከለም። መቁረጡ የደም መፍሰስና አዲስ ኢንፌክሽን ያስከትላል፤ ባልጸዳ ምላጭ ከሆነ ሄፓታይተስም አለ፣ እሱ ደግሞ በራሱ ኩላሊት ያስቆጣል። እናቶቻችን በቅንነት አድርገውታል፤ ለዛሬ ልጅ ግን ጤና ጣቢያ አለ።

ኩላሊቴን ማየት ብፈልግ ምን ምርመራ ልጠይቅ?

የሽንት ምርመራ፣ የደም ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) እና የደም ግፊት። ሦስቱም ቀላል ናቸው። ብዙ ሰው "አልትራሳውንድ ታይቼ ኩላሊቴ ደህና ነው ተባልኩ" ይላል። አልትራሳውንድ መጠንና ጠጠር ያሳያል፤ የጀመረ ብግነት ግን ያልፈዋል። ክሪያቲኒንም ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ከኩላሊቱ አቅም ግማሽ የሚሆነው እስኪሄድ ድረስ ቁጥሩ "ኖርማል" ሊመስል ይችላል። ቀድሞ የሚያሳብቀው ሽንት ነው።

ኦሜፕራዞል ለዓመታት ስወስድ ቆይቻለሁ። ኩላሊቴን ይጎዳል?

አልፎ አልፎ አዎ። ከኦሜፕራዞል ጋር የተያያዘ የኩላሊት ብግነት ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከዚያ ወዲህ በፓንቶፕራዞልና በሌሎቹም ታይቷል። እዚህ የሚቆጡት ማጣሪያዎቹ ሳይሆኑ በቱቦዎቹ መካከል ያለው ሥጋ ነው። ምልክቱ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ነው። ሰውየው "ጨጓራዬ ባሰብኝ" ብሎ ሌላ ፓኬት ይገዛል። መድኃኒቱ ቶሎ ሲቆም ኩላሊቱ ብዙ ጊዜ ያገግማል፤ ሲዘገይ ጠባሳ ይቀራል።

ይህ ማለት ኦሜፕራዞል መርዝ ነው ማለት አይደለም። የተቃጠለ ቧንቧ ያድናል። ለአለርጂ መሰሉ ብግነትም ከታማሚዎች ግማሽ ገደማ ለሚሆኑት ይሠራል። እኔ የምጣላው ያለ ሐኪም ለዓመታት ከሚሸመተው ጋር ነው። በየጊዜው "አሁንም ያስፈልገኛል?" ብለው ይጠይቁ፣ በዚያው ክሪያቲኒን ይታይ።

የዳይክሎፌናክ መርፌስ? የባህል መድኃኒትስ?

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ። ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው፣ በተለይ ተቅማጥና ትውከት ሰውነቱን ባደረቀው ጊዜ፣ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊያዳክሙ ይችላሉ። መርፌ ስለሆነ ጨጓራና ኩላሊት ይዘላል የሚባለው ሐሰት ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ የትም ይደርሳል።

ቅጠላ ቅጠሉን በጅምላ አላወግዝም። ግን ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ አይጎዳም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1993 የቤልጅየም ሐኪሞች ለመክሳት የቻይና ዕፅ የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው እንደተበላሸ ዘግበዋል፤ ተጠያቂው አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል የዕፅ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። ኮሶም ይሁን ሌላ የወሰዱትን ለሐኪም ይናገሩ። ማንም አይቆጣዎትም፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

ሐኪሙ ከኩላሊቴ በመርፌ ናሙና ልውሰድ አለኝ። ፈራሁ።

ቢፈሩ አይፈረድብዎትም። በሆድዎ ይተኛሉ፤ ወገብዎ በማደንዘዣ ይደነዝዛል፤ በአልትራሳውንድ እየታየ ቀጭን መርፌ ይገባል። ዋናው ስጋት ደም መፍሰስ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ግፊትዎና የደም መርጋት አቅምዎ ይታያል፣ አስፕሪን ካለ ይነገራል፣ ከዚያ በኋላም ለሰዓታት በጀርባ ተኝቶ መቆየት አለ።

ለምን ያስፈልጋል? አንድ ዓይነት የሽንት ፕሮቲን ከአምስት ዓይነት በሽታ ሊመጣ ስለሚችል ነው። ለአንዱ ጠንካራ መድኃኒት ይሰጣል፣ ለሌላው ያው መድኃኒት ጉዳት ብቻ ነው። ዓይነቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ልዩ የናሙና ማቅለሚያ በየሆስፒታሉ የለም። ናሙናው የት እንደሚታይና ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ አስቀድመው ይጠይቁ።

ለምግብ ቧንቧው ምን አዲስ መድኃኒት ተገኘ?

በአሥር ዓመት ውስጥ ብዙ ተለውጧል። ለአለርጂ መሰሉ ብግነት ቡዴሶናይድ ቧንቧው ላይ እንዲለጠፍ ሆኖ ተሠራ። አውሮፓ በ2018 አፍ ውስጥ የሚሟሟውን ክኒን፣ አሜሪካ በ2024 የሚጠጣውን ፈቀዱ። ዱፒሉማብ የሚባለው መርፌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ በሽታ ተፈቀደ። በጥናቱ ላይ በየሳምንቱ ከወሰዱት 60 በመቶ ገደማ ቧንቧቸው ከብግነት ሲጸዳ፣ ባዶ (መድኃኒት የሌለበት) መርፌ ከተወጉት የጸዳላቸው 6 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበሩ።

እኔን ግን ይበልጥ ያስተማረኝ ያልተሳካው ጥናት ነው። ቤንራሊዙማብ ኢዮሲኖፊልን ጠራርጎ የሚያጠፋ መርፌ ነው። በ2024 በታተመው ጥናት ከታማሚዎቹ 87 በመቶው ላይ ሕዋሱ ከቧንቧው ጠፋ። መዋጥ ግን ባዶ መርፌ ከተወጉት የበለጠ አልተሻላቸውም። በሽታው የተሰየመበት ሕዋስ ጠፍቶ በሽታው ቀረ! ስለዚህ ዱፒሉማብ ለምን እንደሠራ ይበልጥ ግልጽ ሆነ፤ እሱ የሚዘጋው ከበስተኋላ ትእዛዝ የሚሰጡትን ኢንተርሉኪን 4 እና 13 የሚባሉ የሰውነት መከላከያ መልእክተኞች ነው።

እነዚህ መርፌዎች ዋጋቸው የሚቀመስ አይደለም። የአስም ቡዴሶናይድን ወይም ፍሉቲካሶንን እንዲዋጥ አድርጎ መስጠት ግን ዓለም ላይ የተለመደ ርካሽ ዘዴ ነው። ከሐኪም ጋር ሊነጋገሩበት ይችላሉ። አፍ ውስጥ ፈንገስ ሊያመጣ ስለሚችል ከተወሰደ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት፣ ለግማሽ ሰዓትም ምግብና ውኃ አለመውሰድ ነው።

ለኩላሊቱስ?

አይጂኤ ኔፍሮፓቲን (አይጂኤ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል የኩላሊት ማጣሪያዎች ላይ ተጠራቅሞ የሚያመጣውን ብግነት) ፓሪስ ላይ ዣን በርዤና ኒኮል ኢንግሌ የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያ ወዲህ ለሃምሳ ዓመት ለእሱ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት አልነበረም። ተመራማሪዎች ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። ኩላሊት ላይ የሚጠራቀመው የተዛባ ፀረ እንግዳ አካል ምንጩ በከፊል የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ነው። ስለዚህ ቡዴሶናይድን እዚያ ደርሶ ብቻ በሚፈታ እንክብል ውስጥ አደረጉት። ኩላሊትን በአንጀት በኩል ማከም ማለት ነው። አሜሪካ በታኅሣሥ 2021 በቅድሚያ፣ በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ሙሉ ፈቃድ ሰጠች። 364 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት የዘጠኝ ወር ሕክምና ያገኙት የኩላሊታቸው አቅም በሁለት ዓመት ውስጥ ከሌሎቹ ያነሰ ነው የወረደው። ከዚያ ስፓርሰንታን በ2023፣ ኢፕታኮፓን በ2024 ተከተሉ።

ለሉፐስ ኩላሊት በሽታ ቤሊሙማብ በታኅሣሥ 2020፣ ቮክሎስፖሪን በጥር 2021 ተፈቅደዋል። ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የራስን አካል የሚያጠቃበት ሕመም ነው፤ በብዛት የሚይዘው ወጣት ሴቶችን ነው። መገጣጠሚያዋን የሚያማት፣ ፀጉሯ የሚረግፍ፣ ፀሐይ ፊቷን የሚያቀላው ልጅ ሽንቷ ሳይታይ "ሪህ ነው" ተብላ መመለስ የለባትም።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ዜና ግን ብዙም ያልተጮኸለት ነው። ዳፓግሊፍሎዚን የስኳር መድኃኒት ነበር። 4,304 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2020 የታተመው ጥናት ስኳር በሌለባቸውም ላይ የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገይ አሳየ። ከእሱ ጋር እንደ ኢናላፕሪል ያሉ ርካሽ የግፊት መድኃኒቶች፣ ጨው መቀነስና ግፊት መቆጣጠር ሲደመሩ ብዙ ሰው ከዲያሊሲስ (ከኩላሊት እጥበት) ይርቃል።

ኤች አይ ቪ በደሜ አለ። ኩላሊቴን ያቃጥለዋል?

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያውያን ደስ የሚል ግኝት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች አፖኤል ዋን የሚባል ዘረመል ላይ ኩላሊትን የሚያጋልጡ ለውጦች አገኙ። ለውጦቹ የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛሉ፤ ከባዱ የኤች አይ ቪ ኩላሊት በሽታም ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው። በዓመቱ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠራ ጥናት ለውጦቹም በሽታውም እንደሌሉባቸው አሳየ። ስለዚህ "በጥቁር ሕዝብ ላይ" ተብሎ የተጻፈ ሁሉ እኛን ይመለከታል ብሎ መቀበል አይገባም።

ኩላሊትዎ ከሁሉም ነገር ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም። ቴኖፎቪር የሚባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ የኩላሊት ቱቦዎችን ይጎዳል። ሌላው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ደግሞ ኩላሊቱ ሳይጎዳ ክሪያቲኒንን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው በከንቱ ይደነግጣል። መዋጥ የሚያሳምምዎትና አፍዎ ውስጥ ነጭ ነገር ካለ ካንዲዳ ነው የሚጠረጠረው፤ በፍሉኮናዞል ይድናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቁሙ።

ፕሬድኒሶሎን ልጀምር ነው። ቀድሞ ምን መታየት አለበት?

ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና የአንጀት ትል። የመጨረሻው ይረሳል። ስትሮንጂሎይድስ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሰው ውስጥ ይኖራል። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ (የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት) ሲገባ ይራባና ወደ ሳንባና ደም ይወጣል፤ ሰው ይገድላል። አውሮፓ ውስጥ የተጻፈ መመሪያ ይህን በግርጌ ያልፈው ይሆናል፤ በባዶ እግሩ ከሚያርስ ገበሬ ጋር ለሚሠራ ሐኪም ግን ዋናው ገጽ ላይ ነው። በአይቨርሜክቲን ይታከማል። ፕሬድኒሶሎንን ከጀመሩ በኋላ በድንገት ማቆምም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

"ጥናት ውስጥ ይግቡ" ተብያለሁ። መሞከሪያ ሊያደርጉኝ ነው?

ጎንደር ለጥናት እንግዳ አይደለችም። የሕክምና ትምህርቱ እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ሲጀመር ጀምሮ ተማሪ በየቀበሌው እየዞረ በሽታ ቆጥሯል። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ኤች አይ ቪና ካላዛር አብረው ለያዟቸው ሰዎች አምቢሶምና ሚልቴፎሲን የሚባሉት የካላዛር መድኃኒቶች በጋራ ሲሰጡ ምን ያህል ይረዳሉ የሚለው ጥናት ጎንደርና አብደራፊ ላይ ተሠራ። ውጤቱ በ2019 ታተመ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መመሪያው ይህንኑ አጣምሮ የመስጠት ሕክምና መክሯል። ወደ መተማና ሁመራ ለሥራ ወርደው የታመሙ ሰዎች ናቸው ለዓለም መልስ የሰጡት።

መብትዎን ግን ይወቁ። ወረቀቱ በሚገባዎት ቋንቋ ይነበብልዎ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል? አዲስ መድኃኒት ከሆነ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅዷል? ባዶ ክኒን የሚደርሰው ወገን አለ? ብጎዳ ማን ያክመኛል? ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ ይቀጥልልኛል? እምቢ ቢሉ ወይም መሀል ላይ ቢወጡ የተለመደው ሕክምናዎ መቋረጥ የለበትም። "ቤት ሄጄ ከሰው ልማከር" ማለትም ይቻላል። ፈርሙ ብሎ የሚያጣድፍ ካለ እሱን ይጠርጥሩ።

ፈረንጅ ላይ የተሞከረ መድኃኒት ለእኛ ይሠራል?

ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሰውነት ሰውነት ነው። ጥያቄው ሌላ ቦታ ነው። የአይጂኤ በሽታ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ይበዛል፣ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ያንሳል፤ ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ምርምር የእኛን ብዙ ታማሚ አይነካም። እኛ ዘንድ ከኢንፌክሽን በኋላ የሚመጣው፣ የሄፓታይተሱና የሉፐሱ ኩላሊት ይቀድማሉ። ለእነሱ መድኃኒት የሚፈልግ ኩባንያ ብዙ የለም።

ሌላው ደኅንነቱ ነው። ኢፕታኮፓን የሚወስድ ሰው ቀድሞ የማጅራት ገትር ክትባት መውሰድ አለበት፤ መድኃኒቱ ይህን ባክቴሪያ የሚከላከለውን የሰውነት ክፍል ይዘጋልና። አሜሪካ ውስጥ በሽታው ብርቅ ነው። ኢትዮጵያ ግን በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ነች፤ በበጋ ወራት ወረርሽኝ ይነሳል። ያው ክኒን እዚያና እዚህ እኩል አደጋ የለውም። ይህን ልዩነት የሚለካ ጥናት እዚሁ ሰው ላይ፣ እዚሁ አገር ካልተሠራ ማንም ከውጭ አምጥቶ አይሰጠንም።